ከዳንግላ ጋሪ ተራ ወደብ፣ ለክቡር የመልሕቅ ኮሌጅ ዲን

ለክቡር ዶክተር ዮናዳብ
የመልሕቅ የማሪታይምና የወደብ አስተዳደር ኮሌጅ ዲን
እንጅባራ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ከወገቤ ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? የእንጅባራ ብርድ አልጠናብዎትም? የኮሌጅዎ ጣሪያስ ክረምቱን ሳያፈስ ወጣ? ኮሌጁ ባሕር እንደሚናፍቅ ባውቅም፣ ባሕሩ በጣሪያ በኩል እንዲመጣበት ግን ከቶ አልመኝም። እኛ በዳንግላ ያለነው እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ፈረሶቻችንም ደህና ናቸው፤ ከእርስዎ ናፍቆትና ከእርስዎ ፊርማ በቀር የጎደለብን ነገር የለም።

ምናልባት ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ እኔ ሽመክት ይሄነው እባላለሁ። የዳንግላ ጋሪ ነጂዎች ማኅበር ሰብሳቢ ነኝ፤ በኮሌጅዎ የማሪታይም ትራንስፖርትና ዘመናዊ ወደብ አስተዳደር ትምህርቷን የጨረሰችው የናርዶስ አባትም ነኝ። ጨረሰች ያልሁት በእኛ አቆጣጠር ሲሆን በእርስዎ አቆጣጠር ግን ገና አልጨረሰችም፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም ይኸው የአቆጣጠር ልዩነት ነው። ለብዙ ዘመን የእድራችን ጸሐፊ ሆኜ ስላገለገልሁ ብዕሬ ከለቅሶ ማስታወቂያ የተለየ ነገር ብዙ አልለመደምና፣ የሐዘን ቃና ቢሰማዎት ልማድ ነው ብለው ይለፉኝ።

ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁት እርስዎን ለማሳጣት አስቤ አለመሆኑም ይታወቅልኝ። ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነዎት ስለተባልሁ፣ ምናልባት ከስብሰባው ወጥተው ወደ ሌላው ስብሰባ ሲያልፉ ያነቡት እንደሆነ በማለት በዳንግላና በእንጅባራ መናኸሪያ ግድግዳ ላይ አስለጥፌዋለሁ። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና፣ ቅሬታዎቼን በቁጥር ከፋፍዬ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩. ስለ ባሕሩ

የኮሌጅዎ ሚኒባስ ድምፅ ማጉያ ጭኖ በከተማችን ሲዞር፣ የመርከብ ጡሩንባ የሚመስል ድምፅ አሰምቶ ፈረሶቻችንን ካስበረገገ በኋላ፣ የነገዋ ኢትዮጵያ ወደብ የሚያስተዳድርላት ወጣት ትፈልጋለች ብሎ ነገረን። ልጄም ሰማች፤ ሰምታም አመነች፤ እኛም እሷን አምነን መሸጥ ያለበትን ሸጠን ላክናት። ጎረቤቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ» እያሉ ቢያሽሟጥጡንም፣ የተማረ ሰው አይዋሽም ብዬ የተከራከርሁት እኔ ራሴ ነበርሁ።

ልጄ በትምህርቷ ዘመን ውኃ አላየችም ብዬ ግን አልወቅስዎትም። ዘንገና ሐይቅ ተወስዳለች። በሐይቁ ላይ ጀልባ ስላልነበረ መምህሩ ተማሪዎቹን ከዳር አሰልፈው መርከብ በሐሳባቸው እንዲያዩ፣ በሐሳባቸውም እንዲሳፈሩ፣ ማዕበል ሲነሣ እንዳይደናገጡም አዘዟቸው። የመንሳፈፊያው ሰደርያ አንድ ብቻ ስለነበረ እየተቀባበሉ ለብሰው ፎቶግራፍ ተነሡ። በዚያ ጉዞ አንድም ተማሪ ሳይሰምጥ በመመለሱ ለኮሌጁ ያለኝን ምስጋና እዚህ ላይ መግለጽ እወዳለሁ።

የናርዶስ ፎቶግራፍ አምሮ በመገኘቱም ተመርጦ ዛሬ በዳንግላ አደባባይ በትልቅ ሰሌዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ከሥሩም «የመልሕቅ ምሩቃን ዓለምን ያሻግራሉ» የሚል ተጽፎበታል። ወደ ሥራዬ ስወጣ ልጄ ብርቱካናማ ሰደርያዋን ለብሳ ከላይ ትስቅልኛለች። ቤት ስመለስ የማገኛት ልጅ ግን አትስቅም። ሰሌዳው ላይ ያለችው መመረቋን ቤት ላለችው ማን እንደሚነግርልኝ አላውቅም።

፪. ስለ ሹመቴ

ተማሪ ያለ ወደብ የተግባር ልምምድ እንደማይመረቅ ሲነገረን፣ ጅቡቲ ይወስዷቸዋል ብለን ስንቅ ማሰናዳት ጀምረን ነበር። እርስዎ ግን ከጅቡቲ የሚቀርብ ወደብ አገኙ። በማኅተምዎ በተረጋገጠ ደብዳቤ የዳንግላን ጋሪ ተራ «የተግባር ልምምድ ወደብ» አድርገው ሲመርጡ፣ እኔን ደግሞ የወደቡ ሥራ አስኪያጅ አሉኝ። በዚህ ዕድሜዬ ከፈረስ ጭራ ኋላ ተነሥቼ ባሕር ላይ እሾማለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበርና ለደረሰኝ ክብር ዛሬም አመሰግናለሁ።

መምህር ፀጋው የተባሉ የኮሌጅዎ ባለሙያ መጥተው እንዳስረዱን፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሪው መርከብ፣ ፈረሱ ሞተር፣ የድንቹ ጆንያ ኮንቴይነር፣ እኛ ቆመን የምንሰዳደብበት ቦታ ደግሞ መልሕቅ መጣያ ሆነ። በየፈረሱ ታፋ ላይ በጠመኔ የመርከብ ቁጥር ተጻፈ። ከሰዓት በኋላ የዘነበው ዝናብ መርከቦቹን ሁሉ ቁጥር አልባ ቢያደርጋቸውም፣ እኛ ዳማውን ዳማ፣ ጉራቹን ጉራች ብለን በመልካቸው ስለምናውቃቸው የጠፋብን መርከብ የለም። ባለቤቴ ፋና ብቻ ሹመቴን አክብራ ራት ባቀረበች ቁጥር «ክቡር ወደብ፣ እጅዎን ይታጠቡ» ማለት ለምዳ ቀረች፤ እስካሁንም አልተወችኝም።

ልምምዱ ግን የቀልድ አልነበረም። ናርዶስና ጓደኞቿ ከማለዳ ጀምረው ጭቃ ላይ ቆመው፣ የትኛው ጭነት ቀድሞ መነሣት እንዳለበት፣ ከአዘና የመጣው ድንች ለምን እንደዘገየ፣ ጋሪዎቹ ከባጃጆቹ ጋር የት ላይ እንደሚጋጩ እየተከታተሉ ይሠሩ ነበር። እኔ ሥራ ሳይ አውቃለሁ።

፫. ስለ አለንጋው

እዚህ ላይ እርስዎ በመርከብ ዓለም ስለኖሩ ላያውቁት የሚችሉትን አንድ የደረቅ አገር ሥርዓት ላስረዳ። በእኛ ጋሪ ተራ ሰው ሐዘን ሲደርስበት አለንጋው በተራው ቦታ መሬት ላይ ይጋደማል። ያ አለንጋ ጋሪም ነው፣ ፈረስም ነው፣ ባለቤትም ነው። ማንም አይሻገረውም። ሰልፉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጓደኞቹ ወደ ፊት ያራምዱታል፤ ተራው ሲደርስም ከኋላው ያለው ሰው በሐዘንተኛው ስም ጭኖ ገቢውን ለለቅሶ ቤቱ ያደርሳል። ከሰልፉ አውጥቶ የሚያነሣው ግን ባለቤቱ ብቻ ነው። ይህን ሥርዓት ማን እንደደነገገው አናውቅም፤ የጣሰውን ሰው ግን ሁላችንም በስም እናውቀዋለን።

አንድ የገበያ ቀን የጓደኛችን የአድማሴ እናት ዐርፈው አለንጋው በተራው ተጋድሞ ሳለ መምህር ፀጋው ደረሱ። ባለቤት የሌለው ዕቃ መልሕቅ መጣያውን ዘግቷልና ይነሣ ብለው ናርዶስን አዘዟት። እሷም የለቅሶ አለንጋ መሆኑን በትሕትና ነገረቻቸው። ዘመናዊ ወደብ ለቅሶ አያውቅም ብለው ራሳቸው አንሥተው ወደ ቦዩ ወረወሩት።

ያን ጊዜ ወደብዎ ቆመ። አንድም መርከብ አልተንቀሳቀሰም። ነጂው ሁሉ ከጋሪው ወርዶ እጁን አጣምሮ ቆመ፤ ገበሬው ከነጆንያው፣ ነጋዴው ከነጩኸቱ ቀረ። ልጄ ቦዩ ውስጥ ገብታ አለንጋውን አወጣች፤ ጭቃውን በነጠላዋ ጠርጋ ከነበረበት ቦታ መልሳ አጋደመችው። ሰው ሁሉ ወደ ሥራው የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። መምህሩ ግን በውጤት መስጫው ላይ የወደብ ደንብ ጥሳለች፣ የአለቃ ትእዛዝ አላከበረችም ብለው ጻፉ። አድማሴ ከሐዘኑ ወጥቶ ነገሩን ሲሰማ «ያች ልጅ እናቴን አብራኝ ቀበረች» አለ። እርስዎ የማንን ምስክርነት እንደሚያስበልጡ በውሳኔ ደብዳቤዎ ነግረውናል፤ እኔም የማንን እንደማስበልጥ ይኸው በግልጽ ነገርኩዎት።

፬. ስለ ውሳኔዎ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። ለልጄ የጻፉላት የውሳኔ ደብዳቤ አጭር ቢሆንም በጥበብ የተሞላ ነው። በመጀመሪያው አንቀጽ የዳንግላ ጋሪ ተራ ከባሕር ጋር ግንኙነት ስለሌለው ወደብ ሊባል አይችልም፤ ስለዚህ ልምምዷ አይያዝላትም ይላል። በሁለተኛው አንቀጽ ደግሞ በወደቡ ላይ የወደብ ደንብ ስለጣሰች የምስክር ወረቀቷ ታግዷል ይላል። ክቡር ሆይ፣ ወደብ ካልሆነ የጣሰችው የየትኛውን ወደብ ደንብ ነው? ወደብ ከሆነስ ልምምዷ ለምን ይሰረዛል? ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ሲባል እሰማ ነበር፤ ማደሪያ የሌለው ወደብ ደንብ ይዞ ሲዞር ግን ያየሁት በእርስዎ ዘመን ነው።

ባሕር የሌለበት ወደብ የለም የሚለውን ትምህርትም ለጊዜው እንቀበልዎት። ነገር ግን ልጄ ከእርስዎ ኮሌጅ ይዛው በመጣችው መጽሐፍ ውስጥ ደረቅ ወደብ የሚባል ነገር አለ፤ ኮንቴይነሩ ከባሕር ተነሥቶ መሐል አገር መሬት ላይ የሚራገፍበት፣ ውኃ በቧንቧ ካልሆነ የማይታይበት ቦታ ማለት ነው። ይህን ምዕራፍ ያስተማሯት እርስዎ ራስዎ እንደሆኑ ነግራኛለች። ነገሩን ያነሣሁትም በከንቱ አይደለም። ናርዶስ ከነዚህ ደረቅ ወደቦች በአንዱ ለመቀጠር ተፈትና አልፋለች። መስከረም ሳይወጣ የምስክር ወረቀቷን ይዛ እንድትቀርብ ጠርተዋታል፤ ካልቀረበች ቦታው ለሌላ ይሰጣል። የጭነት አስተናጋጅ ትሆናለች፤ ማን ቀድሞ ማን ቀጥሎ እንደሚነሣ ትወስናለች። ከዚያ ሥራና ከልጄ መካከል ያለው ባሕር የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ በሐሳብ መሻገር አልተቻለም።

እዚህ ላይ ይቅርታ ይደረግልኝና ትሕትናውን ለአንድ አፍታ አስቀምጣለሁ። ተናድጃለሁ። ልጄ ለመንገድ የገዛችውን ቀሚስ ተኩሳ አስቀምጣ ስልኳን ስትጠብቅ ማየት ከብዶኛል። የተቀጣችው ባጠፋችው ጥፋት ቢሆን እኔ አባቷ ቀድሜ እወቅሳት ነበር፤ የተቀጣችው ግን እኔ እንዳሳደግኋት ሆና ስለተገኘች ነው፤ ይህን ልውጠው አልችልም። ትሕትናዬን አሁን መልሼ አነሣዋለሁ።

ስለዚህ የምለምነው ብዙ አይደለም። ወይ ጋሪ ተራችን ወደብ ነው ብለው የልጄን ልምምድ ይያዙላት፤ እኔም በሹመቴ ልቀጥል። ወይ ወደብ አይደለም ብለው የጣሰችውን ደንብ ይሠርዙላት፤ ልምምዱም የታጣው በኮሌጁ ምርጫ መሆኑን አምነው ይፈርሙላት። ከሁለቱ የቀለለዎትን ይምረጡ። ሦስተኛ መንገድ ካለዎትም ባሕር ነውና መንገዱ ብዙ ይሆናል፤ ብቻ መድረሻው የልጄ እጅ ይሁን።

የላቀ አክብሮቴን፣ ለመምህር ፀጋው ሰላምታዬን፣ ለሰደርያውም ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣

ሽመክት ይሄነው
በእርስዎ ማኅተም የተሾመ፣ በእርስዎ ደብዳቤ የተሻረ
የቀድሞው የዳንግላ ጋሪ ተራ ወደብ ሥራ አስኪያጅ

ማስታወሻ፦ ዛሬ ማለዳ በኮሌጅዎ ዋና በር ላይ ተጋድሞ ያዩት አለንጋ የተረሳ ዕቃ አይደለም፤ የእኔ ነው፤ ያኖርሁትም የናርዶስን ተራ ለማስከበር ነው። ዘበኛዎ ጋሽ እንግዳው የእኛው አገር ሰው፣ የግምጃ ቤት ከተማ ተወላጅ በመሆናቸው ገና ሲያዩት ነገሩ ገብቷቸው በጓሮ በር መግባት መጀመራቸውን ሰምቻለሁ፤ እግዜር ይስጥልን። ዘንድሮ ልጆቻቸውን ሊያስመዘግቡ ከአዘናና ከዳንግላ የመጡ አባቶችም በሩ ላይ ደርሰው፣ አንዳንዶቹ በአማርኛ አንዳንዶቹ በአገውኛ፣ ማን ሞቶ ነው ብለው ጠይቀዋቸዋል፤ ጋሽ እንግዳውም የሞተ ሰው እንደሌለ፣ ተራዋን የተቀማች ልጅ እንዳለች ብቻ ነግረዋቸዋል። አባቶቹም ምዝገባውን ትተው በሩ ማዶ ተቀምጠዋል አሉ። እርስዎ ቦታው ወደብ እንዳልሆነ በጽሑፍ ስላረጋገጡ አለንጋውን ተሻግረው ቢገቡ የሚከለክልዎት የለም፤ እነሱ ግን ቆመው ያዩዎታል። የሚነሣው በባለተራዋ እጅ ነው። ናርዶስ መጥታ በአንድ እጇ ታነሣዋለች፤ ሌላው እጇ ባዶውን እንዳይመለስ አደራ።