መካኑ ሻጋታ

ልጄ ዬሪም፣ የአያቶችሽ መንፈስ በሰው አገር ይጠብቅሽ። እኛ አለን፤ ገብሳችንን ግን ቀይ ሻጋታ ጨረሰው።

አምና አንዱ ማሳ ላይ ለትምህርትሽ ሙከራ የዘራሽው፣ ቫይረስ ያለበት ሻጋታ ገብሱን አልጎዳም። «ቫይረሱ የሻጋታውን መራቢያ ጂኖች ያዳክማል» ስላልሽው፣ አባትሽ ዘንድሮ አንቺን አምኖ ሌላውን ማሳ መድኃኒት ሳይረጭ፣ ቫይረሱ ወደዚያኛው ሻጋታ እስኪጋባ ጠበቀ። አልተጋባም። ጎረቤታችን ፒልዶ፣ «ጋሼ፣ መካን ሻጋታ በሽታውን ለማን ያወርሳል?» ብሎ ሳቀበት።

አባትሽ፣ የሻገተ እህል ለከብትም መርዝ ነውና ገብሱን በገዛ እጁ አቃጠለው። ከዚያ ወዲህ የተናገረው፣ «ለልጄ እንዳትነግሪያት፤ ትምህርቷን ትተዋለች» ብቻ ነው።

ምግብሽን አትዝለይ። ፈጣሪ እጅሽን ይባርከው። ስትደውዪለት ስለ ሥራሽ አውሪው፤ ስለ ገብሱ ግን ያልሰማሽ ምሰዪ።

እናትሽ