ግድግዳው ላይ የተሰካው ቁልፍ

ሃርላን፣

ቶርኖውን እንዳትነካ! ፊውዙን ነቅዬ ይዤው ሄጃለሁ።

የአደኑ ወቅት ሳይከፈት የአባባን ጠመንጃ በርሜል ልጨርስልህ ብዬ ጠዋት ጋራዥ ገባሁ። የቶርኖውን ማስነሻ ስጫነው፣ ብረቱን ነክሶ የሚያሽከረክረው መንጋጋ ማጥበቂያ ቁልፍ ተፈናጥሮ በአናቴ ላይ አለፈና ከኋላዬ ግድግዳው ላይ ተሰካ። ትናንት አጥብቀህበት እዚያው ሰክተኸው ሄደሃል!

አባባ "ቁልፉ ወይ እጃችሁ ላይ ወይ ሚስማሩ ላይ!" እያለ አፉ እስኪደርቅ አልነገረንም? አንተ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ!

"አንቺስ ለምን ሳታዪ አስነሳሽው?" እንዳትለኝ። አውቀዋለሁ።

በርሜሉ ምንም አልሆነም። ውሻው ግን ደንግጦ ከአልጋህ ሥር አልወጣም ብሏል፤ አባብለህ አብላው። የአጋዘኑ ጥብስ ምድጃ ውስጥ አለልህ። እኔ ጓደኛዬ ኦፓል ጋ ነው የማድረው። እንዳትደውልልኝ።

ቁልፉን ከግድግዳው እንዳትነቅለው። መጀመሪያ ቶርኖው ፊት ቁምና ዞር ብለህ እየው። ዕድሜ ልክህን "ድንክዬ" እያልክ ስትስቅብኝ ኖረሃል። ዛሬ ያተረፈኝ ማጠሬ ነው።

አንተ ብትሆን ኖሮ ግንባርህ ላይ ነበር።

ሎርና