የጋሽ ካንዴላ ጆሮና የባለቤታቸው መብራት

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ካንዴላ» የሚላቸው አጎታችን ከዳቦ ጋጋሪ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1936 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታቸው እንደሚሉት፣ አጎታችን ሲወለዱ አላለቀሱም፤ በመንገድ የሚያልፍ የጭነት መኪና ሲያዳምጡ ነበር። እናት ስለ ልጇ ስታወራ ትንሽ መጨመሯ ያለ ነው፤ ያወቃቸው ግን ይህን ለማመን አይቸገርም።

የመኪና ጥገና በሙያ ትምህርት ቤት ተምረው በ1955 ዓ.ም. በከተማ አውቶቡስ ጋራዥ ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም ከዚያው ንቅንቅ አላሉም። ሞተር ሲያስተካክሉ ኮፈኑን ከፍተው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። «እሳት የምትሰጠው ዘግይታ ነው» ይሉና አንድ ብሎን አላልተው ነካ ሲያደርጉት፣ የሚንተፋተፈው ሞተር ልስልስ ይላል። መለኪያ ይዞ ለሚመጣ ባልደረባ መልሳቸው አንድ ነበር፤ «መለኪያ ጆሮ ለሌለው ነው።»

በ1962 ዓ.ም. ልብስ ሰፊ የሆኑትን ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ። በሠርጋቸው ዓመት አንዲት አሮጌ መኪና ገዝተው ግቢ አስገቡ። እሁድ እሁድ ከእሷ ጋር ስለሚውሉ ባለቤታቸው «ጣውንቴ» አሏት፤ ስሙም ጸደቀ።

ከጡረታ በኋላ ጆሯቸው ደከመ። ለማንም አላመኑም፤ መኪናዋ ግን አጋለጠቻቸው። እየሳለች፣ ጭስ እየተፋች ስታልፍ ሰው ይገላመጣል፤ እሳቸው «ቤንዚኑ ነው» ይላሉ። ልጆቻቸው መንገድ መሐል ቆማ ጉድ ሳትሠራ ትሸጥ ብለው መከሩ። እሷ ከሄደች አጎታችን ምን ይዘው ይውላሉ? ሁላችንም ያስፈራን ይኸው ነበር።

ይህን ጊዜ ባለቤታቸው ቦርሳቸውን አንጠልጥለው የመሣሪያ መደብር ገቡ። ባለሱቁ ሳጥን ሙሉ የሚያብረቀርቅ ዕቃ ዘረጋላቸው። እሳቸው «መቀስ ስለበዛ ቀሚስ አያምርም» ብለው ሦስት ነገር ብቻ መረጡ፤ ጫፉ ያልተበላ ካቻቢቴ፣ እሳት ወደ ካንዴላ የሚልከውን የፑንቲና ክፍተት የሚለኩ ስስ ብረቶች፣ ካንዴላ እሳት በሰጠች ቁጥር ብልጭ የሚል መብራት። ብረቶቹን እንደ መርፌ በጣታቸው ዳስሰው የጎበጠ ያለበትን አስቀየሩ። ባለሱቁ ያሞገሰውን ትልቁን መብራት ደግሞ «የጣውንቴ ባትሪ የድሮ ነው፣ ጉልበት የለውም፤ ያበራዋል?» ብለው ጠየቁና ትንሹን ወሰዱ።

አጎታችን መብራቱን ሲያዩ አኮረፉ፤ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተቀመጡ። ባለቤታቸው ግን ዕድሜ ልካቸውን ከስፌት መኪናቸው ኋላ በመስኮት ያዩትን ሥራ ጀመሩ። ክፍተቱን ለኩ፣ ሞተሩን አስነሱ፣ መብራቱን አበሩ። እንደ እብድ በሚሽከረከረው መዘውር ላይ ያለችው፣ እሳቱ በሰዓቱ መሰጠቱን የምታሳየው ነጭ ምልክት በብልጭታው ውስጥ ቆማ ታየች፤ ከቦታዋ ግን ፈንጠር ብላለች። አጎታችን ኩርፊያቸውን ረስተው መጡ። ባለቤታቸው አበሩላቸው፤ እሳቸው ቀስ እያሉ አስተካክለው ምልክቷን ቦታዋ አደረሷት። ከዚያ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ «ለካ ዐይንም ይሰማል!»

ከዚያ ወዲህ እሁድ የሁለቱም ሆነ። መኪናዋን የመሸጥ ወሬም ድጋሚ አልተነሳም። ሁለቱ ኮፈን ስር ተደፍተው ሲነታረኩ ምሳ ቀርቦ ይቀዘቅዝ ነበር፤ እንዲያ ደስ ብሏቸው አይተናቸው አናውቅም።

ባለፈው ዓመት ልባቸውን ታመው ተኙ። ባለቤታቸውን በየጊዜው «ምልክቷ ቦታዋ ናት?» ይሏቸዋል፤ «ናት፤ አንተ ተኛ» ይባላሉ። ግንቦት 9 ቀን 2014 ዓ.ም. በእንቅልፋቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና አንዲት ጣውንት ትተውልን ሄደዋል።

ዛሬ ጠዋት ባለቤታቸው ጥቁር ልብሳቸውን ከመልበሳቸው በፊት መብራቱን ይዘው ግቢ ወጡ። ምልክቷ ቦታዋ ናት። ጣውንታሞቹ፣ ባለቤታቸውና መኪናዋ፣ ወደ መቃብሩ ፊት ፊት ይመሩናል፤ መኪናዋ ቀስ ብላ ስለምትሄድ ከኋላ ያላችሁ ሾፌሮች ጥሩምባ ባትነፉ። የአጎታችንን ነፍስ ፈጣሪ ድካም በሌለበት ያሳርፍልን። ሞተሯ ሲነሳ ለአፍታ ዝም በሉና ስሙላቸው።