በክትሩ ውስጥ የቀረው ትራክተር

እሑድ ነሐሴ 24፣ ከጧቱ 1 ሰ.

ዛሬም የትራክተሩ የፊት አካፋ ብቻውን ወርዷል። ማታ አንስቼ ትቼው፣ ጧት መሬት ላይ ተኝቶ አገኘሁት። ፓምፑ ደክሟል። እኔም ደክሞኛል። ትራክተሩ በዕድሜ ይበልጠኛል፤ አንዳንዴ ስሰድበው "አንቱ" ማለት ይቃጣኛል።

ሞተሩ እስኪሞቅ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ደብተሬ። አዲሶቹ ትራክተሮች ለሃይድሮሊኩ፣ ለማንሻው፣ ለብቻው ዘይት አላቸው። የኛ ሽማግሌ ግን ካምቢዮውም ሃይድሮሊኩም ከአንድ ሆድ ነው የሚጠጡት። የፊቱን አካፋ ሳነሳ ከዚያው፣ ከኋላ ተሳቢውን ሳነሳ ከዚያው። ሁለቱን ባንዴ ካዘዝኩት ይንቀጠቀጣል። መተማ ሰሊጥ እርሻ ላይ የነዳሁትም እንዲሁ ነበር፤ ጠባዩን ለምጄዋለሁ።

ሐጂ ሙስጠፋ ከዘራቸውን ይዘው መጡ፤ የእርሻውም የትራክተሩም ባለቤት። አያሌው ማለት አቅቷቸው "ዓሊ" ይሉኛል። ወንዙ ሌሊቱን ጨምሯል። ሽንኩርቱን ተወው፣ ከዛሬ ጀምሮ አፈር ነው አሉኝ። ነፊር ተጠርቷል። የኛ ደቦ ማለት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ ይወጣል፣ ባዶ እጁን የሚመጣ የለም።

ማክሰኞ ነሐሴ 26፣ ማታ

ወገቤ! ሰፈራችን ጀሪፍ በሙሉ ወጥቷል። አምና መንገዱን በጡብ የዘጉት ልጆች ዘንድሮ ጆንያ አፈር ይሞላሉ። ያኔ የሚያግዱት ወታደር፣ አሁን ወንዝ። መንግሥት ተለውጧል ይባላል፤ የዳቦው ሰልፍ አልተለወጠም፣ የናፍጣውም። እነሱ ግን ይዘፍናሉ። ጉልበቱን ከየት እንደሚያመጡት እንጃ። እኔ ስበላ እንኳ እንቅልፍ ይጥለኛል።

ክትሩ፣ ወንዙን የምናግድበት የአፈር ግድብ፣ ከሞላ ጎደል ገጥሟል። የቀረው ወደ ሐጂ እርሻ የሚወርደው መንገድ ላይ ያለው ክፍተት ነው። ተሳቢው የሚገለብጠው እዚያ ስለሆነ መጨረሻ ይዘጋል። ከክፍተቱ አጠገብ አራት የጭቃ ክፍሎች አሉ። አንዱ የኔ፣ አንዱ የዘይነባ። ዘይነባ የወሎ ልጅ ናት፣ ቡሪ ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች። "ወንድምዬ" ትለኛለች፤ እኔም እዚህ አገር ሌላ እህት የለኝም። ጭቃ ውሃ ከነካው ወዲያ አያድርም። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ለሌለው ሐበሻ ደግሞ ማን ሌላ ቤት ያከራያል? ፈርቻለሁ። ለሷ አልነገርኳትም።

ሐሙስ ነሐሴ 28፣ ከቀኑ 9 ሰ.

ማንን ልቆጣ?

ጧት የተሳቢው ቱቦ መገጣጠሚያው ላይ ማንጠባጠብ ጀመረ። ተሳቢውን እንደ ተነሳ በግንድ ደገፍኩትና ጎሚኒ፣ መገጣጠሚያውን የሚደፍነውን የጎማ ቀለበት፣ ፍለጋ ገበያ ሄድኩ። ስወጣ ለሐጂ፣ ዘይት እያፈሰሰ ነው አልኳቸው። በቃ፣ ይቺ ብቻ ናት ጥፋቴ። ወሬው ክትሩን ተከትሎ ሲሄድ "ትራክተሩ ዘይት አለቀበት" ሆነ።

ስመለስ ሰዉ ሁሉ ዘይት ይዞ መጥቷል። የሞተር ዘይት ያመጣ አለ፣ የሪክሻ ዘይት ያመጣ አለ። አንዲት አሮጊት በሻይ ብርጭቆ። ዘይነባ፣ አላህ ይይላት፣ ከመደርደሪያዋ ላይ የቀረችውን የምግብ ዘይት። ሐጂ መለኪያውን ቢያወጡት ደርቆ አገኙት። ይደርቃል እንጂ! ተሳቢው ተነስቶ ሳለ ዘይቱ ላይ፣ እማንሻው ውስጥ ነዋ ያለው። ለነፊር የመጣን ነገር መመለስ ነውር ስለሆነ አንዱንም ሳይመልሱ፣ እያንዳንዱን እየመረቁ ሁሉንም ጨመሩት። ጎሚኒው ሲገጠም ተሳቢው ወረደ። ላይ የነበረው ዘይት ወደ ሆዱ ሲመለስ ቦታ አጣ።

አሁን በኋላ ጎማዎቹ በኩል ይወርዳል። ፍሬኑ ዘይት ጠጥቷል። ተፈትቶ መታጠብ አለበት፤ አንድ ሙሉ ቀን። ለሐጂ ነገርኳቸው። ወንዙን አዩ፣ እኔን አዩ። "ያ ዓሊ፣ ወንዙ አንድ ቀን ይሰጠናል?" አሉኝ። አይሰጥም አልኳቸው።

ቅዳሜ ነሐሴ 30፣ ከቀኑ 11 ሰ.

እጄ ጭቃ ነው። ጽሑፌን ይቅር በይ።

ትላንት ፍሬን በሌለው ትራክተር በዝግታ፣ በማርሽ እየያዝኩ ዋልኩ። ዛሬም። ከቀትር በኋላ ውሃው ክፍተቱ ጋ ደረሰ። ሙሉ ተሳቢ ይዤ ቁልቁል ወደ ኋላ ስገባ ማርሹ አመለጠኝ። ያ ሁሉ የተደባለቀ ዘይት ካምቢዮውን ምን እንዳደረገው አላህ ይወቀው። ፍሬን ረገጥኩ፣ እንደ ቅቤ። ከኋላዬ ጆንያ የተሸከሙ ልጆች ነበሩ። ጮህኩ። ሌላ ምንም ስላልነበረኝ የፊቱን አካፋ ለቀቅኩት። ስንት ቀን የሰደብኩት፣ ብቻውን የሚወርድ አካፋ፣ መሬቱን ነክሶ ያዘ። ማንም አልተነካም።

ቆምን። የቆምነው ግን ክፍተቱ መሃል ነው። ተሳቢው ተጠማዞ ወደ ወንዙ፣ ትራክተሩ ከወገቡ ተሰክቶ። ለመጎተት ሌላ ትራክተር የለም፤ ያለው ሁሉ የየራሱ ክትር ላይ ነው። ውሃው ተሳቢው ሥር ገባ። ክፍተቱ ዛሬ ካልተዘጋ ደግሞ ሰፈሩ አለቀለት።

ሐጂ አንድ ጆንያ አፈር ከመሬት አነሱ። በዚያ ዕድሜያቸው። ወስደው የሞተሩ ክዳን ላይ አስቀመጡት፣ እንደ ሕፃን ቀስ አድርገው። "ያላ" አሉ።

ቀበርነው። እኔም ከነሱ ጋር የእጅ አካፋ ይዤ። እያለቀስኩ ነበር፣ ለምን እደብቅሻለሁ።

ሰኞ ጳጉሜን 2

ክትሩ ይዟል። ክፍሎቹ ደረቅ ናቸው። ሁለት ቀን ሙሉ ተኛሁ፤ ድካሙ ግን እዚያው ነው።

ዘይነባ ከሥራ ስትመለስ እደጄ ቆመች። ያበላሸው የኔ ዘይት ነው እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። ያንቺማ እስከ ቅዳሜ ያቆየው ነው አልኳት። ያመነችኝ አይመስለኝም፤ ግን ሳቀች።

ሐጂ ጠሩኝ። ኦምዱርማን አዲስ ትራክተር ያለው ሰው ሹፌር ይፈልጋል፣ ሂድ አሉኝ። "የኔው ሞቷል፣ አላህ ይርሐመው" አሉ ስለ ትራክተሩ። እንደ ሰው። "እኔ ከእንግዲህ የምሰጥህ ሥራ የለኝም" አሉኝ። የሰውዬውን ስልክ ቁጥር ሰጡኝ። ዓይኔን አላዩም።

ዓርብ መስከረም 1፣ ከጧቱ 12 ሰ.

ዘመን ተለወጠ፣ ደብተሬ። እንኳን አደረሰሽ። እዚህ ማንም አያውቅም።

ልብሴን ትላንት ጠቅልዬ ነበር። ዛሬ ልሄድ። ከመሄዴ በፊት ልሰናበተው ወደ ክትሩ ወጣሁ። ከአፈሩ በላይ የሚታየው የጭስ ማውጫው ጫፍ ብቻ ነው። ሌሊት ዝናብ ጥሏል። ጫፉ ላይ የቲማቲም ቆርቆሮ ተደፍቶበታል፣ ነፋስ እንዳይጥለው በሽቦ ታስሮ። ውሃ ወደ ሞተሩ እንዳይገባ። ሥሩ ጭቃው ላይ የሐጂ ከዘራ ነቁጥ።

ለሞተ ትራክተር ቆርቆሮ የሚደፋ ሰው የለም።

ኦምዱርማን ለሰውዬው ደውዬ አልመጣም አልኩት። ውሃው ሲጎድል መቆፈር እጀምራለሁ። ከፊት፣ ከአካፋው በኩል።