የመቂን የውሃ ማጠራቀሚያ ያዳኑት ኢንጂነር ጫልቱ ሰንበታ

ኢንጂነር ጫልቱ ሰንበታ ከአባታቸው ከአቶ ሰንበታ ኢተፋ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ የሺዓለም አምባዬ በኅዳር ወር 1962 ዓ.ም. በአርሲ ነገሌ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የእህል ነጋዴ ስለነበሩ ያደጉት በገበያ ግርግር መሃል ነው፤ ዝምታ የማይወዱት ከዚያ የተነሣ ይመስለናል። በ1985 ዓ.ም. በሲቪል ምህንድስና ተመርቀው አዳማ ውስጥ በኮንክሪት ጥራት ባለሙያነት ተቀጠሩ።

ስማቸውን ያስጠራው የ1991 ዓ.ም. ሥራቸው ነው። መቂ አቅራቢያ ለመጠጥ ውሃ ማጠራቀሚያ የተሞላው የኮንክሪት ግድግዳ ቅርጽ መያዣ ጣውላው ሲነሣ ወንፊት መስሎ ተገኘ። ኮንክሪቱ ከሚክሰር እንደወጣ ስለሚጠጥር ሠራተኞቹ ውሃ እየጨመሩ ያላሉት ነበር። አንዱ ሲሚንቶውን፣ ሌላው ፀሐዩን ሲያማ፣ ጫልቱ ከጠጠሩ እፍኝ ዘግነው ውሃ የሞላ ባልዲ ውስጥ ጨመሩ። ባልዲው በአረፋ ተንተከተከ።

«ኩኖ! ይኸውላችሁ! ውሃውን የሚጠጣው ጠጠሩ ነው» አሉ ካጎነበሱበት ብድግ ብለው።

የአካባቢው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ቀዳዳው ብዙ ነውና። አሠሪው ክረምት ሳይገባ ለማድረስ ቸኩሎ፣ የተበላሸው ግድግዳ በልስን ይሸፈን ቢል፣ «በልስን የሸፈኑት ቀዳዳ ነገ ያፈሳል፤ ይፍረስ» ብለው ጸኑ። ግድግዳው ፈርሶ እንደገና ሲሠራ፣ ጠጠሩ ከዋዜማው ውሃ ጠጥቶ፣ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ አደረ፤ ሙሌቱም በጠዋት ብርድ ተከናወነ።

ማጠራቀሚያው ውሃ በተሞላ ዕለት ጫልቱ በመዳፋቸው ግድግዳውን እየዳሰሱ ዞሩት። ደረቅ ነበር። ጀሪካን የያዙት ሴቶች እልል ሲሉ የሚክሰሩ ሾፌር አቶ ማናሴ ጫምሳ ጡሩንባውን ለቀቁት። በዓመቱ ከእኚሁ ሾፌር ጋር ተጋብተው ሜቲን እና ኢዛናን ወለዱ።

ከዚያ ወዲህ ከመተሐራ እስከ ሻሸመኔ ኮንክሪት ያስቸገረው ሁሉ ለእሳቸው ይደውል ነበር፤ እሳቸውም ምሳቸውን ትተው በደስታ ይሄዱ ነበር። በካንሰር ሕመም ተኝተው ሳለ፣ መሐንዲስ የሆነችው ልጃቸው ሜቲ አዳማ ላይ የሞላችው ወለል ገና ሳይጠነክር እየተሰነጠቀ መቸገሯን ነገረቻቸው።

«ነፋሱ ነው ልጄ፤ ላዩን ቀድሞ ያደርቅብሻል። ነፋሱን ከልዪለት፣ እንደጨረስሽም ቶሎ አልብሺው» አሏት።

ቀጣዩ ወለል ሳይሰነጠቅ መውጣቱን ሲሰሙ ከትራሳቸው ቀና ብለው አጨበጨቡ።

ኢንጂነር ጫልቱ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ55 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው እና እናታቸው ወ/ሮ የሺዓለም በሕይወት አሉ። ድካማቸውን የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን በብርሃን ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለእናታቸውም ልጅ የመቅበርን ሐዘን የሚችል ልብ ይስጥልን።