ብቻቸውን አልጻፉትም፦ የወይዘሮ ሱቫርታ ዴቫሳሃያም የሕይወት ታሪክ

በወይዘሮ ሱቫርታ የግጥም መጽሐፍ ጀርባ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ታትሟል። «እኚህ እናት ከማንም ሳይታገዙ፣ በኩሽናቸው ጸጥታ ውስጥ፣ ብቻቸውን ጻፉት» ይላል። ይህ ነገር ሃያ ዓመት ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ኖሯል። በቀብራቸው የሚነበበውን የሕይወት ታሪካቸውን ጻፊ ስባል፣ ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩ ነኝና የተማረ ይጻፈው አላልኩም። እኔ ፕሬማቫቲ የወንድማቸው ሚስት ነኝ፤ ዕድሜዬን አጠገባቸው ተቀምጬ ቢዲ፣ የቅጠል ሲጋራ፣ የጠቀለልኩ። መጽሐፉ ሲሠራም እዚያው ነበርኩ።

ወይዘሮ ሱቫርታ ከአባታቸው ከሸማኔው ከአቶ ዴቫሳሃያምና ከእናታቸው ከወይዘሮ ካሩኒያ እ.ኤ.አ. በ1954 በካኑር አውራጃ በወንዝ ዳሯ መንደራችን ተወለዱ። እስከ ሰባተኛ ክፍል ተማሩ። መዝሙር አንድ ጊዜ ከሰሙ አይረሱም ነበር። አባታቸው ታመው ከሽመናው ሲወርዱ ትምህርቱ ቀረ፤ በአሥራ አራት ዓመታቸው ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው ቢዲ ቤት ተቀመጡ።

ቢዲ ቤት ሥራው ቅጠል መቁረጥ፣ ትንባሆ መሙላት፣ መጠቅለልና በክር ማሰር ነው። ጥቅል ሁሉ የሠራው ሰው ስም ይለጠፍበታል፤ ስሙ የተሳሳተ ጥቅል ተመልሶ ይመጣል። እጅ ሲሠራ ጆሮ ሥራ ፈት ስለሆነ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያነብልናል። እርሱ ሲያነብ ያልጠቀለለውን እኛ ከየድርሻችን እየቆነጠርን ሰፌዱ ላይ እንጥልለታለን። አንባቢያችን ሁላችንም ኤታን፣ ታላቅ ወንድም፣ የምንላቸው ቻቱ ናቸው። ቻቱ ኤታን ጠዋት ጋዜጣ፣ ከሰዓት ልብ ወለድ ያነባሉ፤ የማተሚያ ቤቱን አድራሻ እንኳ አይዘሉም።

ወይዘሮ ሱቫርታ በ1976 ከአውቶቡስ ሾፌሩ ከአቶ ማኖሃር ጋር በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጽመው ሳጂትንና ሊጂናን ወለዱ።

በ1996 አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ቻቱ ኤታን ድምፃቸው ተዘጋ። ወይዘሮ ሱቫርታ ቀና ሳይሉ፣ «እኔ አንድ ነገር ልበል?» አሉና ስለ ክር የገጠሙትን አሰሙን። ክሩ ጨረቃን ያስራል ይል ነበር።

«የምን ጨረቃ ነው?» አለች ናራያኒ፣ ከጎናቸው የምትጠቀልለው። «እኔ የተረፈውን ክር የልጄን ጸጉር አስርበታለሁ። ጨረቃሽ ጸጉር አላት?»

ቤቱ ሳቀ። ወይዘሮ ሱቫርታ ግን አልሳቁም፤ ሲያስቡ ዋሉ። በማግስቱ ይህን ይዘው መጡ፦

ማታ ጣቴ ላይ የቀረው ክር
የልጄን ጸጉር አሰረልኝ፤
ቀኑን ሙሉ የሸጥኩት ጣት
ለእርሷ ጥቂት ተረፈልኝ።

የሁላችንም እጅ ቆመ። ናራያኒ፣ «ሴትዮ፣ ሥራ አስፈታሽን፤ ድርሻዬን አንቺ ትሞያለሽ» አለች። ከዚያ ወዲህ መለኪያችን ይኸው ሆነ። እጃችን ካልቆመ ስንኙ ይጣላል፤ ከቆመ ይያዛል። ቻቱ ኤታን ከምሳ በኋላ ያለውን ሰዓታቸውን ለቀቁላቸው። እኛም ለአንባቢ እንደምናደርገው ሰፌዳቸው ላይ ከየድርሻችን ጣልንላቸው። ሦስት ዓመት እንዲህ ሆነ። ማታ ሊጂና ትጽፍላቸው ነበር። ጀልባ ያለው ሞይዱ ወረቀቱን ከከተማ አመጣ። አብሮን የሚጠቀልለው ባላን ለሽፋኑ ሰፌድ ሣለ። የመንደሩ ንባብ ቤት ከማተሚያ ቤቱ ጋር ተዋዋለ። ሥነ ጽሑፍ የሚያስተምሩ አንድ የከተማ ሰው ደግሞ እርማቱን ሠርተው የጀርባውን ጽሑፍ ጻፉ። ክፉ አስበው አይደለም፤ እንዲህ ቢባል ሰው የበለጠ ይገረማል ብለው ነው።

መጽሐፉ በጥር 1999 በንባብ ቤቱ አዳራሽ ተመረቀ። የመጀመሪያውን ቅጂ እንዲቀበሉ የተመረጡት ቻቱ ኤታን ነበሩ፤ የታጠበ ነጭ ሽርጥ ለብሰው መጡ። ተቀበሉ፤ መነጽራቸውን አደረጉ፤ እንደ ልማዳቸው ከሽፋኑ ጀምረው ጮክ ብለው ማንበብ ያዙ። ርዕሱን አነበቡ፣ የማተሚያ ቤቱን አድራሻ አነበቡ፣ ገለበጡና ጀርባውን አነበቡ። «ከማንም ሳይታገዙ» የሚለው ላይ ድምፃቸው ቀነሰ፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ ከመድረክ ወርደው ወጡ።

ከኋላ ናራያኒ፣ «ኩሽናዋ ውስጥ እኛ ምን ነበርን? ድመት?» ስትል ሰማሁ። የሳቀ ሰው የለም።

ወይዘሮ ሱቫርታ መድረኩ ላይ ነበሩ። አንድ ቃል ቢናገሩ ኖሮ ይበቃ ነበር፤ አልተናገሩም። ሰኞ ሥራ ገባን። የሰደባቸው የለም፤ ሰፌዳቸው ላይም የጣለላቸው የለም። አንድ ጊዜ ግጥም ጀመሩ። የማንም እጅ አልቆመም። ግጥሙ ግን ጥሩ ነበር፤ ይህን ማለት አለብኝ። ደግመው አልሞከሩም፤ ሁለተኛ መጽሐፍም አልመጣም። ከከተማ እየመጡ የሚያመሰግኗቸው ነበሩ፤ ምስጋናውን አንገታቸውን ደፍተው ይሰሙ ነበር።

ትንባሆው ሳንባቸውን ጎድቶ በ2012 ሥራ አቆሙ። አቶ ማኖሃር በ2015 አረፉ። ባለፈው የዝናብ ወቅት የሩዝ ውኃ ይዤላቸው ስሄድ፣ ሳልጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦ «ጀርባውን ከመታተሙ በፊት አሳይተውኝ ነበር፣ ፕሬማ። ደስ አለኝ። ደግሞ ጀርባ ማን ያነባል ብዬ ነው።»

«ቻቱ ኤታን ያነባሉ» አልኳቸው።

«እርሳቸውማ ያነባሉ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ወይዘሮ ሱቫርታ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው እ.ኤ.አ. ማክሰኞ ማርች 12 ቀን 2019 በተወለዱ በስድሳ አራት ዓመታቸው አረፉ። ልጃቸው ሳጂት፣ ልጃቸው ሊጂና፣ ሦስት የልጅ ልጆች፣ ወንድማቸውና እኔ ቀርተናል። ቢዲ ቤቱም ቀርቷል፤ አሁን ግማሹ ባዶ ነው። የተረፈ ስንኛቸውን ማን ጋ ይሆን ያስቀመጡት እያልን እንጸጸታለን። ጌታ ነፍሳቸውን በቅዱሳኑ መካከል ያሳርፍ፤ ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥ።

ሳይሸጡ የቀሩት መጻሕፍት በንባብ ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበሩ። ትናንት ከምሳ በኋላ ቁልፉን ተቀብዬ አወጣኋቸውና የድሮዎቹን ጠራሁ። ናራያኒ፣ «ለሞተ ሰው ነው ወይስ ለራስሽ?» አለችኝ፤ ሰፌዷን ግን ይዛ መጣች። የጥቅል መለያ የምናትምበት ቤት የሚለጠፍ ወረቀት አትሞልን ነበር። እንደ ጥቅሉ አድርገን ሙጫ ቀብተን በየጀርባው፣ በዚያ ዓረፍተ ነገር ላይ ለጠፍን። ቻቱ ኤታን ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው ነው። አንዱን አንሥተው መነጽራቸውን አደረጉና ጮክ ብለው አነበቡ፦ «ይህን መጽሐፍ ሱቫርታ ጻፈችው። ስትጽፍ ናራያኒ፣ ሞይዱ፣ ባላን፣ ፕሬማቫቲ፣ ቻቱ እና መላው ቢዲ ቤት ጠቀለሉላት።»

የሁላችንም እጅ ቆመ።

መጻሕፍቱ ከቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ ሰፌድ ላይ ተቀምጠዋል። ስትወጡ አንድ አንድ ውሰዱ፤ ሙጫው ገና አልደረቀምና በጀርባው አትያዙት።