በሴቶች በኩል ያለው ጥላ

አየር ጤና፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአጸደ፣ ለቤቴ እመቤት፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጃችን ውዳሴስ? የሐዋሳ አየር እንደተስማማሽ ነግራኛለች። እኔ ደህና ነኝ። ወፍሬያለሁ ብልሽ አታምኚኝም፣ ስለዚህ አልልም። ቤቱ ጭር ብሏል። ሬዲዮኑን ጠዋት ከፍቼ ስተኛ ነው የምዘጋው፤ ምን ሲያወራ እንደዋለ ግን ብትጠይቂኝ አላውቅም።

«አንተ ያገባኸው ሸራህን ነው» ብለሽ ከሄድሽ ወዲህ የሣልኩት አንድ ሥዕል ብቻ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ያስቀደስንበትን ካቴድራል ውስጡን። ከወንዶች በኩል፣ ሁልጊዜ ከምቆምበት ሆኜ ነው የሣልኩት። በዚህ ወር ፀሐይ በእናንተ በኩል ባለው መስኮት ትገባና በሴቶቹ አናት ላይ አልፋ እኛ ላይ ታርፋለች። የእኛን ወገን የጋቢ እጥፋት ሳይቀር አበራሁት። የእናንተን ጥላ አደረግሁት፤ እንዴት ያለ ጥላ መሰለሽ! ኮራሁበት።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን አየለች ሳህኗን ልትወስድ መጥታ አየችው።

«ወይ ጉድ! ጋሼ፣ ሴቱን ሁሉ ምን ዋጠው?»

«ጥላ ነው። ሙያ ነው» አልኳት ቆጣ ብዬ።

«ይሁን። አጸደን እንኳ ቢያስገቧት ምን ነበረበት? ሁለተኛው ዓምድ ሥር ነው የምትቆመው። ጉልበቷን ስለሚያማት ቅዳሴው እስኪያልቅ ተደግፋ ነው።»

ጉልበትሽን? እኔ እኮ አልሰማሁም! ስንወጣ በር ላይ እጠብቅሽና «ምን ያንቀራፍፍሻል?» እልሽ ነበር። ምላሴን በቆረጠው!

በማግስቱ ቅዳሴ በሌለበት ሰዓት ሄጄ ያ ዓምድ ሥር ቆምኩ። አንድ ዲያቆን «አባቴ፣ ወንዶች በወዲያ በኩል ነው» ብሎ እስኪያስነሳኝ ድረስ ቆየሁ። ከዚያ ሆኖ የእኔ ቦታ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስታዪኝ ኖረሻል ማለት ነው። እኔ አንድ ቀን ዞሬ አላየሁሽም፤ ይህ በጣም አሳዘነኝ።

ቤት ገብቼ ጥላውን ፋቅ ፋቅ አድርጌ ዓምዱ ሥር ጀመርኩሽ። ነጠላሽ እሺ አለኝ፣ አቋቋምሽ ግን እምቢ አለ።

ለገና ነይ ልልሽ ነበር፤ ያን ሁሉ መንገድ እግርሽን አጥፈሽ መቀመጥሽን ሳስበው ተውኩት። ፈቃድሽ ከሆነ እኔ እመጣለሁ። እስከዚያው ግን በሞቴ ይህቺን ብቻ ጻፊልኝ፦ የሚያምሽ ግራው ነው ቀኙ? ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬሽ ኖሬ አየለችን መጠየቅ አፈርኩ።

የዛሬው ሚካኤል ጉልበትሽን ይዳስስልኝ፣ ልጃችንንም ይጠብቅልን።

ባልሽ ይገዙ